ጣሪያ ላይ የተወረወረው ጥርስ

ሚዛን ተፈሪ
መስከረም 21 ቀን 1992 ዓ.ም.

ወንድሜ ይሄይስ፣

እንዴት ከርመሃል? ሥራው እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካው የሚዘጋብህ ጉሮሮህስ? እኛ ዘንድ ዝናቡ ገና አልለቀቀንም፤ ግቢው ጭቃ ነው፣ ሙዙ ግን አምሮበታል። እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ ብለሽ እንዳታልፊኝ» ብለህ ስለጻፍክ ግን አላልፍህም።

ታፈሰ የነገረህ እውነት ነው። ያ የአውቶቡስ ሹፌር መሪ እንጂ አፍ መያዝ አይችልም። የፊደል ገበታውን ልሰቅል ዴስክ ላይ ወጣሁ፤ ልጆቹ በእግራቸው ያመጡት ጭቃ ዴስኩም ላይ ደርሶ ኖሮ አንሸራተተኝና አፌ የፊተኛው ዴስክ ጠርዝ ላይ አረፈ። የላይኛው የፊት ጥርሴ፣ የቀኙ፣ ከግማሽ በላይ ተሰብሯል። ከንፈሬ ድኗል፤ ሕመሙም ቀስ በቀስ ትቶኛል።

የሚያሳስበኝ መልኬ አይደለም። (ትንሽ እሱም አለበት፤ ምን እዋሽሃለሁ።) የሚያሳስበኝ «ሰ» ስል ፉጨት መውጣቱ ነው። የእኔ አንደኛ ክፍሎች ቤታቸው ሲገቡ ቤንችኛ ወይም ሸኮኛ ነው የሚያወሩት። አማርኛን የሚያውቁት ከእኔ አፍ ነው። ባለፈው ሳምንት ገበታው ፊት ቆሜ «ሰ፣ ሱ፣ ሲ» ብዬ ሳስጀምር ክፍሉ በሙሉ አብሮኝ አፏጨ። ዳይሬክተራችን አቶ በዛብህ በመስኮት ቆመው ሰሙ፤ ምንም ሳይሉ ሄዱ። አንተንም አስተምረውሃልና የእሳቸውን ዝምታ ታውቀዋለህ።

አንተ ጥርስ ሠሪ ነህ። ይቻል እንደሆነ ቁርጡን ንገረኝ። ከዚህ ክፍል ቢያስወጡኝ ምን እንደምሆን አላውቅም፤ እነዚህን ልጆች እወዳቸዋለሁ።

ስባሪውን ጠይቀሃል። ጠፍቷል።

መቼ ትመጣለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ጠይቄ ጠይቄ ደክሞኛል።

እህትህ ሰርካዲስ


አዲስ አበባ
ጥቅምት 4 ቀን 1992 ዓ.ም.

እትዬ ሰርኬ፣

ደብዳቤሽን ታፈሰ ራሱ ላቦራቶሪው ድረስ አመጣልኝ። ስለ መሪውና ስለ አፉ የጻፍሽውን ግን አላነበብኩለትም። ቶሎ ባለመመለሴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እንዲሁ በግምት ከምጽፍልሽ ብዬ አለቃዬን እስክጠይቅ ነው።

ይቻላል። እስከ ዓምና የምንሠራው ሽፋን ውስጡ ብረት ሆኖ በላዩ ሸክላ የተለበጠ ነበር። ጠንካራ ነው፣ ግን ብርሃን አያሳልፍም፤ ሰውየው ሲስቅ ያስታውቅበታል። ዘንድሮ አዲስ ምድጃ መጥታልናለች። ጥርሱን መጀመሪያ በሰም እቀርጸዋለሁ። ሰሙን እንደ ጄሶ ባለ ሊጥ ውስጥ እቀብረዋለሁ፤ ሊጡ ደርቆ ምድጃ ሲገባ ሰሙ ቀልጦ ተቃጥሎ ይጠፋና ቅርጹ ባዶውን ይቀራል። ከዚያ አንዲት የሴራሚክ ድብልብል እንደ ማር እስክትለሰልስ ትሞቅና ምድጃዋ በዘንግ ተጭና ወደ ባዶው ቦታ ታስገባታለች። ሰሙ የነበረበትን ሁሉ ትሞላዋለች። ቀዝቅዛ ስትወጣ ብርሃን እንደ ተፈጥሮ ጥርስ ያልፍባታል። መጀመሪያ የሠራኋትን ቀን ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ለዘበኛው አሳየሁት።

እዚያው ያለው የጥርስ ሐኪም ብርሃነመስቀል ዘንድ ሂጂ። ከአሁን በፊት የጥርስ ልክ ልኮልን ያውቃል፤ ጉቶውን ሞርዶ ልኩን ይውሰድልሽና እዚያው ወዲያው ጄሶ ያፍስበት። ልኩ እንዲሁ ከተላከ መንገድ ላይ ይኮማተራል።

አሁን ዋናው ነገር። ቀለሙ እንደ ግድግዳ ቀለም ከላይ የሚቀባ አይደለም፤ ድብልብሏ ውስጥ ነው ያለው። ከተሳሳትኩ ማስተካከል የለም፣ እንደገና መሥራት ነው። ስለዚህ ስባሪውን ፈልጊው። ጥርስ መርፌ አይደለም፣ እንዴት ይጠፋል? ጨርሶ ከታጣ ግን አጠገቡ ያለውን ጥርስ የሚመስል ነገር ላኪልኝ።

ድድሽን አልጠይቅሽም። ልጃገረድ ሳለሽ እማዬ ስታስነቅስሽ ጓዳ በር ላይ ቆሜ ካንቺ ብሼ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ያ ጥቁረት ጥርሱ ሥር ጥላ እንደሚጥል አውቄ ነው የምሠራው።

መምጣቴን በተመለከተ፣ ሥራ በጣም በዝቷል።

ወንድምሽ ይሄይስ


ሚዛን ተፈሪ
ጥቅምት 20 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይሄይስዬ፣

እነሆ አፌን በጥጥ ጠቅልዬ በታፈሰ እጅ ልኬልሃለሁ። ታፈሰ ካርቶኑን ሲቀበለኝ «ውስጡ ምንድን ነው?» አለኝ፤ «ጥርሶቼ ናቸው» ስለው ሊመልስልኝ ነበር። ብርሃነመስቀል ብዙ ደከመልኝ፤ ሰላምታም ልኮልሃል። ጉቶዬን ሲሞርደው የእንጨት ፋብሪካ ውስጥ የገባሁ መስሎኝ ነበር።

ሴራሚክ ያልከው ሸክላ ከሆነ እንግዲህ አፌ ውስጥ ገንቦ ልትተክል ነው። ውሃ የማያፈስ አድርገው።

አቶ በዛብህ በመጨረሻ ተናገሩ። ቢሯቸው ጠርተው ወንበር ሰጡኝ፤ ወንበር ሲሰጡኝ ያኔውኑ ገባኝ። «ወይዘሮ ሰርካዲስ፣ እነዚህ ልጆች ፊደል የሚማሩት የመምህሯን አፍ አይተው ነው። አንቺ አፍሽን በነጠላ ሸፍነሽ ነው የምታስተምሪው። ነጠላውን ስታነሺው ደግሞ ያፏጫሉ። እኔ ምን ላድርግ?» አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ጨንቋቸው ነው። እስከ መንፈቀ ዓመቱ ይጠብቁኛል። ጥር መጨረሻ ላይ ሱፐርቫይዘር ይመጣል። እስከዚያ ካልተስተካከለ ወደ ንብረት ክፍል እዛወራለሁ፤ ጠመኔና መጥረጊያ ሳድል ልውል ነው።

ስለ ስባሪው ደጋግመህ አትጠይቀኝ፤ ጠፍቷል አልኩህ እኮ። ለቀለሙ ግን ያገኘሁት ነገር ያስቅሃል። ጓሮዬ ዘግይቶ የደረሰ በቆሎ አለ። መስተዋት ፊት ቆሜ እሸቱን ፈልፍዬ አንድ በአንድ ከጥርሴ ጋር አስተያየሁ። አንዷ ፍሬ ቁርጥ እህቱ ሆና ተገኘች፤ ነጭ ናት፣ ግን ወተት አይደለችም፣ ጫፏ ላይ ጥቂት ትደምቃለች። ብርሃነመስቀልም አይቶ «ከዚህ በላይ ምን ይመጣል!» አለ። በወረቀት ጠቅልዬ ፖስታው ውስጥ ከትቻታለሁ። እንዳትበላት።

ሰርካዲስ


አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 1992 ዓ.ም.

እትዬ፣

ደርሷል፤ ይኸው አልቋል። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ፤ የመጀመሪያውን ሰም ስላልወደድኩት አፍርሼ እንደገና ቀርጬው ነው። የግራው ጥርስሽ ጫፉ ላይ ትንሽ የተበላች ቦታ አለችው፤ ክር በጥርስሽ ስትበጥሺ የኖርሽበት ይመስለኛል። አዲሱም ላይ አብሬ ቀርጬልሻለሁ፤ መንታ ይሁኑ ብዬ።

ቀለሙን በላክሽው ፍሬ አመሳክሬ መርጫለሁ። ከመስኮቱ ሥር ከአለቃዬ ጋር ሆነን አየነው፤ ልዩነት የለውም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚህ ምድጃ እስከ ዛሬ ካወጣሁት ሁሉ ይህችን ነው የምወዳት። ብርሃነመስቀል ለጊዜው በማይጠብቅ ማጣበቂያ ያጣብቅልሽ፤ ደህና መሆኑ ሲታይ ለዘለቄታው ይደረጋል።

መጀመሪያ የሳቅሽው በምን እንደሆነ ጻፊልኝ።

ይሄይስ


ሚዛን ተፈሪ
ኅዳር 27 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለወንድሜ ይሄይስ፣

ጥርሱ በደህና ደርሶኛል፤ በጣም አመሰግናለሁ። ልኩ ልክ ነው። ብርሃነመስቀልም ሥራህን አድንቋል። በእውነት እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥህ። እዚህ ሁሉም ሰላም ነው። ዝናቡ ቆሟል። ጎረቤታችን እማማ ሳራ ሰላም ብለውሃል። በድጋሚ አመሰግናለሁ።

ሰርካዲስ


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 7 ቀን 1992 ዓ.ም.

እትዬ ሰርኬ፣

በዚህች ቁራጭ ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ አመሰገንሽኝ? ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ እንደ ባለሥልጣን አመስግነሽኝ አታውቂም። የእማማ ሳራን ሰላምታ እንኳን ነግረሽኝ መሳቅሽን አልነገርሽኝም። ታፈሰን ጠየቅኩት። መሬት መሬት እያየ «ነጠላዋን አላወረደችም» አለኝ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ሥራ አልያዝልኝ ብሏል። አስቀይሜሽ ይሆን? ጥርሱ ምን ሆነ? ስባሪውስ በእውነት ጠፍቶ ነው? እባክሽ፣ እኔ እንዳልከፋ ብለሽ አትደብቂኝ። ጥር ሩቅ አይደለም።

ይሄይስ


ሚዛን ተፈሪ
ታኅሣሥ 15 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይሄይስ ሆዴ፣

አላስቀየምከኝም። ያንን ሁሉ ደክመህ፣ ያችን የተበላች ጫፍ ሳይቀር አይተህ ቀርጸህ፣ «ቢጫ ነው» ብዬ ልጽፍልህ እጄ እምቢ አለኝ። ግን ቢጫ ነው። የደረቀ በቆሎ ነው። ለጊዜያዊነት ተጣብቆልኝ ክፍል ገባሁና ነጠላዬን አውርጄ «እንደምን አደራችሁ ልጆች!» አልኩ። ከዚያ በየነች የምትባለው፣ ከሁሉም ትንሿ ተማሪዬ፣ ተነስታ «ቲቸር፣ በቆሎ ተጣብቆብሻል» አለችና ከደብተሯ መሐል መፋቂያ አውጥታ ሰጠችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ልስቅ ፈለግኩ፣ አልሆነልኝም። በእረፍት ሰዓት ብርሃነመስቀል ጋ ሄጄ አስነቀልኩት። አሁን ጥርስህ የስኳር ቆርቆሮ ውስጥ በጥጥ ተኝቷል።

ስባሪውን ልንገርህ፤ አትሳቅብኝ። አልጠፋም። ስወድቅ አፌ በደም ተሞልቶ ስላዩ ልጆቹ በሙሉ ማልቀስ ጀመሩ። በየነች ስባሪዋን ከወለል አነሳችና እያለቀሰች «ቲቸር፣ ጣሪያ ላይ ወርውሪው፣ ወፏ አዲስ ታመጣልሻለች» አለችኝ። አንተም እኮ የወተት ጥርስህን ስንት ጊዜ ወርውረሃል። ምን ላድርግ? ሁሉንም ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁና ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ ቆርቆሮው ላይ ወረወርኩት። አብረውኝ ለወፏ ጮኹ። ልቅሶው ቆመ። ከዚያ አንተ «ስባሪውን ላኪ» ስትል አርባ ዓመት የሞላት መምህርት ጥርሷን ለወፍ ሰጠች ብዬ ልጻፍ?

ሌላ ጥርስ ለመሥራት ጊዜው አይደርስም መሰለኝ። የንብረት ክፍሉን ቁልፍ አይቼዋለሁ፤ ዝጎ አርጅቷል።

ሰርካዲስ


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሳቅኩብሽ። ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን እስከማነባ ሳቅኩ፤ ከዚያ በራሴ ተናደድኩ። እሸት መንገድ ላይ እንደሚደርቅ፣ ሲደርቅም ቢጫ እንደሚሆን ያንቺን ጓሮ በቆሎ በልቶ ያደገ ሰው እንዴት ይረሳዋል? ፍሬዋ ስትደርሰኝ እንደ ጠጠር ደርቃ ነበር። እኔ ለጠጠሯ ታመንኩ፤ ያንቺን ጥርስ ግን አላሰብኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጊዜው ይደርሳል። ሰሙን እንደገና እቀርጸዋለሁ፤ እጄ አውቆታል። ከእንግዲህ ግን እህልም፣ የሸሚዝ ቁልፍም፣ ሌላም ነገር አትላኪልኝ። ጣሪያውን አስፈትሺ። ጥርስ እንደ በቆሎ አይደለም፤ ደርቆ ቢነጣም ውሃ ውስጥ ቢያድር ወደ ቀለሙ ይመለሳል። ወፏ ካልቀደመችን ተርፈናል።

ይሄይስ


ሚዛን ተፈሪ
ጥር 2 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይሄይስዬ፣ እንኳን አደረሰህ፣

ተገኝቷል! በዚህች የክኒን ዕቃ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ግን ደስታዬ ሙሉ አይደለምና ስማኝ።

ዘበኛችን ወልደአማኑኤል መሰላል አቁሞ ወጣ። ጣሪያው ላይ ምንም የለም። አሸንዳውን ሲያይ ግን ዝናቡ ለዓመታት ጠርጎ ያወረደው የልጆች ጥርስ ከቅጠሉ ጋር ተከማችቷል። የእኔው በመሐሉ እንደ ዝሆን ተኝቷል። ወልደአማኑኤል በደስታ መዳፉን ሞልቶ ወረደና «ይምረጡ!» አለኝ። ልጆቹ ከኋላዬ መቆማቸውን አላየም፤ እኔም አላየሁም።

በየነች የመዳፉን ክምር አየችና «ወፏ አልወሰደችውም» አለች። እሷ የፊት ጥርሶቿ ከወደቁ ቆይተዋል፣ አዲሱ ዘግይቶባታል፤ በየጠዋቱ ድዷን በጣቷ እየዳበሰች ነበር የምትጠብቀው። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷም አፏን በሹራቧ እጅጌ ሸፍና ትቀመጣለች። እኔው አስተማርኳት። ይሄይስ፣ ንብረት ክፍል ከመግባት ይልቅ ይህ ነው ያስለቀሰኝ።

ምን አልሽ ብለህ እንዳትቆጣኝ፤ «ወፏ እኮ ብዙ መሸከም አትችልም። በየተራ ነው የምትወስደው፤ አዲስ አበባ አንድ ጥርስ ሠሪ አለ፣ እሱ ጋ ነው የምታደርሰው። አሁን የእኔን እልክለታለሁ፣ ታያላችሁ» አልኳቸው። እንግዲህ ስም አውጥቼልሃለሁ። እንዳታሳፍረኝ።

ሰርካዲስ


አዲስ አበባ
ጥር 16 ቀን 1992 ዓ.ም.

እትዬ ሰርኬ፣

ታፈሰ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው የምጽፈው። ስባሪው ውሃ ውስጥ አድሮ ቀለሙን መለሰ፤ ከድብልብሎቹ አንዷ ቁርጥ እሱን ሆነች። ትናንት ከምድጃ ወጣች። ድድሽ ሥር የሚያርፈውን ወገን ትንሽ ደመቅ እንዲል አድርጌ ቀረጽኩት፣ የንቅሳቱ ጥላ እንዳያጠይመው።

ብርሃነመስቀል ሲያጣብቀው ምራቅ እንዳይነካበት። ያችን የበቆሎ ጥርስ ጣሏት።

ለበየነች፣ ሠሪው ወረፋ ስለበዛበት ነው በያት።

ይሄይስ


ሚዛን ተፈሪ
የካቲት 5 ቀን 1992 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ጋሻዬ፣

ቀኑ እንዴት አለፈ ብለህ በስልክ ቤቱ በኩል ያስላክኸው መልእክት ደርሶኛል። በስልክ የሚነገር አልነበረም፤ ተቀምጠህ አንብበው።

ሱፐርቫይዘሩ ከአቶ በዛብህ ጋር ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። እኔ ነጠላዬን ቤት ትቼው ነበር የሄድኩት። «ሰ» አልኩ። ይሄይስ፣ ጠራ! እንደ ድሮው ነው፤ ምንም ፉጨት የለውም። አቶ በዛብህ ቀና አሉ። «በሉ ልጆች፣ እናንተ» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ አፏጨ።

እንደገና አልኩ፤ እንደገና አፏጩ። ሱፐርቫይዘሩ እስክሪብቶውን አነሳ። በቃ አበላሽቻቸዋለሁ፣ አይመለሱም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ያኔ አቶ በዛብህ ብድግ ብለው ወደ ፊት መጡ። አንድ ልጅ ፊት ጎንበስ አሉና «አፍህን ክፈት» አሉት። ቀጥሎ ያለውን። ቀጥሎ ያለችውን። እስከ መጨረሻው ዴስክ ድረስ እንዲሁ እያሉ ሄዱ። የፊት ጥርስ ያለው ልጅ ፈልገው አጡ! ሰባት ዓመታቸው እኮ ነው። ሁሉም አውልቀዋል።

አቶ በዛብህ ሲስቁ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም ነበር። ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። «እነዚህ እኮ ከአንቺ የተማሩት አይደለም፤ ጥርስ የላቸውም!» አሉ። በየዓመቱ አንደኛ ክፍል ሲያፏጭ ኖሯል፤ እኔ እስክሰበር ድረስ የሰማው ሰው አልነበረም። እኔም ሳቅኩ። መጀመሪያ የሳቅሽው በምን ነው ብለህ ነበር፤ በዚህ ነው። አፌን ሳልሸፍን ሳቅኩ፣ እንባዬ እስኪወርድ ድረስ። የንብረት ክፍሉ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እኔ እዚሁ ነኝ።

በየነች ከዴስኳ ወርዳ መጣችና ቀሚሴን ጎትታ አጎነበሰችኝ። አዲሱን ጥርስ በጣቷ ነካችው፣ በጥፍሯ መታችው፣ ድምፁን ሰማችው። ከዚያ የሹራቧን እጅጌ ከአፏ ላይ አነሳች። ድዷ ላይ የሩዝ ጫፍ የምታህል ነጭ ወጥታለች፤ ከስንት ቀን በፊት እንደወጣች እንጃ፣ ሸፍናት ኖሯል። «የእኔም ደርሷል» አለች።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ የተቋጠረችውን ጥርስ የላከችልህ እሷ ናት፤ ትናንት የወለቀችው የታችኛዋ ናት። ጣሪያ ላይ አልወረወረችም፤ «ወፏ ትቆያለች፣ ለሠሪው በአውቶቡስ ላኪልኝ» አለችኝ። አዲሱ ግን ለእሷ እንዳይደለ ንገሪው ብላኛለች። የእሷ ራሱ ይበቅላል። የምትፈልገው ለአያቷ ነው። አያቷ የፊት ጥርስ የላቸውም፤ ሥጋ ሲቀርብ «ጠግቤያለሁ» ይላሉ፣ እሷ ግን እንዳልጠገቡ ታውቃለች።

ምን ብዬ ልመልስላት?

ሰርካዲስ


አዲስ አበባ
የካቲት 19 ቀን 1992 ዓ.ም.

እትዬ፣

የበየነች ጥርስ ደረሰችኝ። መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ካንቺ ስባሪ አጠገብ አስቀምጫታለሁ።

ለምን አትመጣም ብለሽ ስትጠይቂኝ ሁልጊዜ ሥራ በዝቷል እልሻለሁ። ሥራ መብዛቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም። እማዬን ከቀበርን ወዲህ ያንን ጓዳ በር ማየት ፈርቼ ነው። ድድሽን እያሰብኩ ጥርሱን ስቀርጽ ግን ደጋግሜ እዚያው በር ላይ ቆሜ ነበር የዋልኩት፤ እንደፈራሁት አልሆነም።

ለበየነች እንዲህ በያት። የሰው ጥርስ በሰው ጥርስ አይሠራም፤ አያቷ ራሳቸው መለካት አለባቸው። ልኩን ደግሞ በአውቶቡስ አልቀበልም፤ አንድ ጊዜ በበቆሎ ተታልያለሁ። ሰሙን፣ ጄሶውንና የቀለም ናሙናውን ይዤ ለፋሲካ እመጣለሁ። ከታፈሰ ጎን ያለውን ወንበር ይዣለሁ።

ሥጋውን ለአያቷም አስቀምጡላቸው።

ወንድምሽ ይሄይስ